ማስነጠስም አድራሻ አለው

ቶኪዮ ውስጥ የካቲት ሲገባ የቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ አንድ ካርታ ይጨምራል። ዝናቡና ሙቀቱ ከተነገረ በኋላ የሚመጣው ይህ ካርታ፣ ነገ በየአውራጃው ምን ያህል የአበባ ብናኝ በአየር ላይ እንደሚኖር በቀለም ያሳያል። ብናኙ የሚበዛበት ቀን ከሆነ የታጠበ ልብስ ውጭ አይሰጣም፤ መስኮት አይከፈትም፤ ባቡር ውስጥ አፍና አፍንጫውን ያልሸፈነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም ደስ የሚል ነው። የሚያስነጥሰውም ይኸው ደስ የሚለው ቀን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብናኙ መሬት ይይዛል፣ ከተማውም እፎይ ይላል።

ሕመሙን ካፉንሾ ይሉታል። ዋናው መነሻው ሱጊ የሚባለው ረጅም ዛፍ ነው። ሱጊ የእኛው ጥድ የሩቅ ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመድቧቸዋል። የጃፓን የአፍንጫ፣ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪሞች ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን እየጠየቁ በ1998፣ በ2008 እና በ2019 አገር አቀፍ ጥናት አድርገዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሱጊ ብናኝ የሚያስቸግራቸው ሰዎች በመጀመሪያው 16.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 26.5 በመቶ፣ በሦስተኛው 38.8 በመቶ ነበሩ። የሐኪም ቤተሰብ አገሩን በሙሉ ይወክላል ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ሦስቱንም ጊዜ የተጠየቁት አንድ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ጭማሪውን ለማመን አልቸገርም።

በሃያ ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ደም አይለወጥም። ይህን የምለው፣ እዚህ ሰው ለምን እንደሚያስነጥስ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ተፈጥሮዬ ነው» የሚል ስለሆነ ነው። ዝርያ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ እናቱ ወይም አባቱ አስም ወይም ቆዳ የሚያሳክክ ሕመም ያለበት ልጅ ለአለርጂ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን እዚህ አገር በቆየሁ ቁጥር የማምነው ሌላ ነው። ለአንድ ጃፓናዊ ጎልማሳ ምን እንደሚያስነጥሰው ወይም እንደሚያሳክከው ንገሩኝ ብል፣ ከመልሱ የት እንዳደገ፣ መቼ እንደተወለደና እጁን በምን ሥራ ላይ እንዳዋለ ለመገመት እደፍራለሁ።

የምሠራው በቶኪዮ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ የብረት ዕቃ ክፍሎችን በምታመርት አነስተኛ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ካትሱሺካ በጃፓን ከምንኖረው ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የተሰባሰብንበት ወረዳ ነው። የፋብሪካችን ሠራተኞች ግን ከጃፓን አራት ማዕዘን የመጡ ናቸው፤ ስለ አለርጂ የማውቀውን ግማሹን የተማርኩት በምሳ ሰዓት ከእነሱ ነው።

ከሁሉም የሚበልጡት አዛውንት የቶቺጊ አውራጃ ሰው ናቸው። ያደጉት ኒኮ ከምትባለው ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ከተማ አጠገብ ነው። ኒኮ በሱጊ ትታወቃለች፤ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በመንገድ ዳር የተተከሉት ዛፎቿ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃሉ፣ እስካሁን ከ12 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቆመዋል። የሱጊ ብናኝ ሕመም መጀመሪያ በሐኪሞች ጽሑፍ የተመዘገበውም በ1964 ከዚችው ከኒኮ ነዋሪዎች ነበር። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ተራራ እየወጡ የሱጊ ችግኝ ተክለዋል። እሳቸው ግን አያስነጥሱም። ከልጃቸው የተወለደችው የልጅ ልጅ ታስነጥሳለች፤ መድኃኒቷን ሳትይዝ ትምህርት ቤት አትሄድም። «ችግኙን የተከልኩት እኔ፣ ዕዳውን የምትከፍለው እሷ» ብለው ይስቃሉ።

ቀልዱ እውነት አለው። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ተራሮቿ ተራቁተው ነበር። በጦርነቱ ዘመን ለማገዶም ለግንባታም የተቆረጠው እንጨት ብዙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተቃጠሉት ከተሞች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉና የመሬት መንሸራተቱ መንደር ይበላ ጀመር። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ብሎ የሚቆም ዛፍ መትከል ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሱጊና ሂኖኪ የተባለው ሌላው የጥድ ዘመድ በዘመቻ ተተከሉ፤ የነበረው ቅጠለ ሰፊ ደን እየተቆረጠ ለእነሱ ቦታ የለቀቀበትም አካባቢ ብዙ ነው። ዛሬ የጃፓን ሁለት ሦስተኛው መሬት ደን ነው፤ ከደኑ አርባ በመቶ ገደማው በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ የተተከለው ሱጊ ብቻ ወደ 4.4 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል።

ዛፎቹ ለጥቅም ከመድረሳቸው በፊት ግን ገበያው ተለወጠ። የውጭ እንጨት ያለ ገደብ እንዲገባ በ1964 ተፈቀደ፤ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው የራሱን ሱጊ ቆርጦ ከተራራ ለማውረድ የሚያወጣው ወጪ ከሽያጩ በለጠ። በ2002 ጃፓን ከምትጠቀምበት እንጨት ከራሷ ደን የምታገኘው ከ19 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ሱጊው ቆሞ ቀረ። ሱጊ ደግሞ ብናኙን በብዛት መልቀቅ የሚጀምረው ሠላሳ ዓመት ሲጠጋው ነው። በአንድ ዘመን የተተከለው ሁሉ በአንድ ዘመን ደረሰ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ጎልማሳ በሙሉ በዚያ ብናኝ ውስጥ ነው የኖረው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ እንጦጦ መሄዱ አልቀረም። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ነበር፤ መዲናይቱን ከመነቀል ያተረፈው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እኛን የረዳን አንድ የተፈጥሮ ጠባይ አለ፦ ባሕር ዛፍ ብናኙን በአብዛኛው የሚያዛምተው በንብና በነፍሳት ነው እንጂ በነፋስ አይደለም። ሱጊ ነፋስን ብቻ የሚታመን ዛፍ ስለሆነ፣ አንዱ ብናኝ ከአንዲት ሴት አበባ ጋር እንዲገናኝ ቢሊዮኖቹን ይበትናል። በአገራችን ስለ ባሕር ዛፍ ውኃ መምጠጥ ስንከራከር ኖረናል። በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ግን እንደ ሱጊ ሁሉ የነፋስ ዛፍ ነው፤ ስለ እሱ ሲወራ አልሰማሁም።

ብናኙ በየዓመቱ እኩል አይደለም። ያለፈው ክረምት፣ የጃፓን ክረምት ማለቴ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚውለው በጋቸው፣ ሞቃትና ፀሐያማ ከነበረ ወንዴ አበባው በብዛት ይቋጠራል፤ በሚቀጥለው የካቲት ያ ሁሉ ይፈነዳል። ቀዝቃዛና ዝናባማ በጋ ከነበረ ቀጣዩ ጸደይ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ ትንበያውን የሚሠሩት ሰዎች ገና በመከር ወራት ደን ውስጥ እየገቡ አበባውን ያያሉ።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ለዓለም የገለጡት ባልና ሚስት ጃፓናውያን መሆናቸው ይገርመኛል። ኪሚሺጌ ኢሺዛካና ቴሩኮ ኢሺዛካ በ1966 አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ሲሠሩ አይጂኢ የተባለውን አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት እንደ ጠላት የቆጠረውን ነገር ለይቶ ለመያዝ የሚያመርተውን ፕሮቲን፣ አገኙ። ሙከራውን በራሳቸው ቆዳ ላይ ጭምር እያደረጉ ነበር። ይህ አንቲቦዲ በአፍንጫና በዓይን ሽፋን፣ በሳንባና በቆዳ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፤ የሚያውቀው ብናኝ ሲመጣ ሴሉ ሂስታሚን ይለቃል፣ ንፍጡና ማሳከኩም ይከተላል። ለመጠበቅ ግን መጀመሪያ መመረት አለበት፤ ለመመረትም ከብናኙ ጋር ዓመታት አብሮ መኖር ያስፈልጋል። ያን ብናኝ አግኝቶ የማያውቅ ሰውነት ለእሱ የተዘጋጀ አይጂኢ የለውም። የአድራሻው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከኦኪናዋ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ኦኪናዋ ከዋናዎቹ ደሴቶች ርቃ በደቡብ የምትገኝ ሞቃት ደሴት ናት፤ የሱጊ ደን የላትም ማለት ይቻላል። የካቲት ሲደርስ ከቶኪዮ ሸሽተው ወደዚያ የሚበሩ ሰዎች አሉ፤ የጉዞ ወኪሎችም ይህንኑ አስበው ጉዞ ያዘጋጃሉ። ባልደረባዬ እንደመጣ ሰሞን በእኛ ይስቅ ነበር፤ ከጥቂት ጸደይ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። እሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስቸግረው የኖረው የቤት አቧራ ነው፤ በትክክል ለመናገር በአቧራው ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት። እነዚህ ነፍሳት ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ፣ ኦኪናዋ ደግሞ ሁለቱም አላት። በበጋ ተራብተው በመከር ይሞታሉ፤ ሬሳቸውና ኩሳቸው ደቆ ፍራሽ ውስጥ የሚበዛው ያኔ ነው። ስለዚህ የቶኪዮ ሰው በጸደይ ሲያለቅስ፣ የአቧራ አለርጂ ያለበት ሰው ክፉ ወቅቱ መስከረምና ጥቅምት ነው።

ሂሳብ የምትሠራልን ወጣት ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከሆካይዶ ናት። እዚያ ሱጊ የሚገኘው በደቡባዊው የደሴቱ ክፍል ብቻ ነው። የሆካይዶ ሰው የሚያስነጥሰው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት፣ በረዶው ሲቀልጥ አበባ ከሚያወጣው ነጭ ግንድ ካለው የበርች ዛፍ ነው። የበርች አለርጂ ከአፍንጫ አልፎ ወደ ገበታ ይሄዳል። በብናኙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በፖም፣ በኮክ፣ በቼሪና በአኩሪ አተር ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፤ አንቲቦዲውም ሁለቱን አይለይም። እሷ ጥሬ ፖም ከነከሰች ከንፈሯና ጉሮሮዋ ያሳክካታል፣ የበሰለ ፖም ግን ምንም አያደርጋትም፤ ሙቀት ያንን ፕሮቲን ያፈርሰዋል። የሚያስፈራው የአኩሪ አተር ወተት ነው። ሰው ለጤናው ብሎ አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣና ጉሮሮው ያብጣል። እንደ ሚሶ ያለው የቦካ የአኩሪ አተር ምግብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። እሷም ይህን ሁሉ የሰማችው ከሐኪም ሳይሆን ከአያቷ ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ ከቆቤ ከተማ ጀርባ ባለው የሮኮ ተራራም አለ። ሮኮ ከመቶ ዓመት በፊት ራሰ በራ ነበር፤ አፈሩን ለመያዝ ብዙ ዓይነት ዛፍ ተተከለበት። ከእነዚህ አንዱ ከበርች ጋር የሚዛመድ፣ በደሃ አፈር ላይ የሚበቅል ዛፍ ነበር። ከተማው እያደገ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ከዛፉ አጠገብ ቤት የሠሩ ሰዎች አስነጠሱ፤ ፖምና የአኩሪ አተር ወተትም ከለከላቸው። ጎርፉን የከለከለው ዛፍ ነው ይህን ያመጣው፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ መልስ የለኝም።

ዕድሜ ደግሞ ሌላው አድራሻ ነው። በ2019ኙ ጥናት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ግማሽ ያህሉ የሱጊ አለርጂ ነበረባቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ካሉት ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ነው። የፋብሪካችን አዛውንት «የድሮ ሰው ብርቱ ነበር» ይላሉ። ይህ አባባል በየአገሩ ስላለ እጠረጥረዋለሁ። ሲያረጅ ሰውነት የሚያመርተው አይጂኢ ይቀንሳል፤ የዛሬዎቹ አዛውንት በጉልምስናቸው ወራት ያስነጥሱ የነበሩም ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ሁሉንም በእርጅና ማሳበብ አይቻልም። እሳቸው ያደጉት ሱጊው ገና ችግኝ በነበረበት ዘመን ነው፤ እርሻ ውስጥ፣ ከብዙ ወንድምና እኅት ጋር፣ የአንጀት ትል የልጅ ሁሉ ዕጣ በነበረበት ጊዜ። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በልጅነቱ ከምን ጋር ሲታገል እንዳደገ በኋላ በሚያስነጥስበት ነገር ላይ ይታያል የሚል ሐሳብ በሊቃውንት ዘንድ አለ።

ይህ ሐሳብ ከእኛ አገርም ማስረጃ አግኝቷል፤ ባገኘሁት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። በ1990ዎቹ ጅማ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ደረት የሚያፍነው አስም በከተማው ውስጥ ይበዛል፣ በገጠሩ ያንሳል። የአቧራው ነፍሳት በገጠሩ ጎጆም አሉ፤ የገጠሩ ሰው ቆዳም ያውቃቸዋል፤ በሽታው ግን እንደ ከተሜው አይጸናበትም። በአንጀቱ ውስጥ መንጠቆ ትል ያለበት ሰው ደረቱ የመታፈኑ ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ትል ይኑርብን ማለቴ አይደለም፤ ትሉ የደም ማነስ አምጥቶ ይገድላል።

የከተማው ነገር በጃፓንም ተጠንቷል፤ ያውም በዚያው በኒኮ አካባቢ። በ1987 የወጣ ጥናት የሱጊ ዛፍ በሚከበው መንገድ ዳር፣ መኪና በሚበዛበት የሚኖሩ ሰዎችን በሱጊ ደን ውስጥ ግን መኪና በማይበዛበት ከሚኖሩት ጋር አነጻጸረ። ብናኙ በሁለቱም ዘንድ ሞልቶ ነበር። ሕመሙ ግን በመኪናው መንገድ ዳር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የናፍጣ ጢስ ቅንጣቶች አይጂኢ እንዲበዛ እንደሚያደርጉ ከዚያ ቀደም ብሎ በአይጦች ላይ ታይቷል። ከተማ ሌላም ጥፋት አለበት። ደን ውስጥ የወደቀ ብናኝ አፈር ይውጠዋል፤ አስፋልት ላይ የወደቀው መኪና ባለፈ ቁጥር እንደገና ይነሳል። ለዚህ ነው አንድ ዛፍ በማይታይበት የቶኪዮ መንገድ ላይ ዓይኔን እያሸሁ የምሄደው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብዙኃኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሥራቸውና ኑሯቸው ለብቻቸው የሆነ አለርጂ የሰጣቸው ሰዎች።

ሂሮሺማ ውስጥ ኦይስተር የተባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ምግብ ከዛጎሉ የሚያላቅቁ ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በ1960ዎቹ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል በሥራው ወቅት ደረታቸው እየታፈነ የሚታመሙት በዙ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ጥፋቱ የኦይስተሩ አልነበረም። በዛጎሉ ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ሌላ የባሕር ፍጥረት ነበር፤ ዛጎሉ በመዶሻ ሲመታ የዚህ ፍጥረት ፈሳሽ እንደ ጉም ይረጫል፣ ሠራተኛዋም ትተነፍሰዋለች። ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጉንማ አውራጃ ኮኛኩ የሚባለውን ሥር በሚፈጩ ወፍጮ ቤቶች አካባቢ የዱቄቱ ብናኝ አስም ያመጣ ነበር። አንድ ሰው ደረቱ ሲታፈን ሐኪሙ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ካልጠየቀ፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ምንም አያወጣም።

የሚከተለውን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም። ናቶ የሚባል፣ አኩሪ አተር ቦክቶ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ምግብ አለ፤ ጃፓናውያን ለቁርስ ይበሉታል። ለናቶ አለርጂ ያለባቸው ጎልማሶች ሲጠኑ ብዙዎቹ በባሕር ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ሆነው ተገኙ። ጄሊፊሽ የተባለች ዝልግልግ የባሕር ፍጥረት ስትነድፋቸው የምትለቀው አንድ ንጥረ ነገር በናቶው ዝልግልግ ውስጥም አለ። ሰውነታቸው በንድፊያው ያወቀውን ጠላት በገበታ ላይ ያገኘዋል። ያውም ወዲያው አይደለም፤ ማታ የበላው ሌሊት ወይም በነጋታው ነው የሚያሳክከውና ራሱን የሚስተው፤ ስለዚህ ናቶን የሚጠረጥር የለም።

በሺማኔ አውራጃ ደግሞ የበሬ ሥጋ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ሰውነታቸው በሚያሳክክ ሽፍታ የሚሞላ ሰዎች ተገኙ። መነሻው የመዥገር ንክሻ ነው። መዥገሯ በምራቋ የምታስገባው የስኳር ዓይነት በከብት ሥጋ ውስጥ አለ፤ የተነከሰ ሰው ለሥጋ አለርጂ ይሆናል። በዱር ጫፍ የሚኖር፣ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ቁርጥ የሚወድ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ ትንሽ ደንግጫለሁ።

ካነበብኩት ሁሉ ጨካኙ የበጋ ሳንባ በሽታ ነው። አፍንጫን አይነካም፤ በአይጂኢ በኩልም አይሠራም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ በምዕራብና በደቡብ ጃፓን፣ እርጥበት በያዛቸው አሮጌ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ትሪኮስፖሮን የተባለ ፈንገስ በበሰበሰው እንጨት ላይ ይበቅላል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የቤት እመቤት፣ ያስላታል፣ ያተኩሳታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሆስፒታል ስትተኛ ያለ ብዙ መድኃኒት ይሻላታል፤ ዳነች ተብላ ወደ ቤቷ ስትመለስ እንደገና ይጀምራታል። ባል ግን ቀኑን መሥሪያ ቤት ስለሚውል ደህና ነው። መፍትሔው የበሰበሰውን እንጨት አንስቶ መጠገን፣ ካልሆነም ቤት መቀየር ነው። እንግዲህ ለዚች ሴት «ተፈጥሮሽ ነው» ማለት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ አስቡት።

እኔስ? እንደ ብዙው የውጭ አገር ሰው የመጀመሪያዎቹን ጸደዮች በሰላም አሳለፍኩ። ከዚያ በአንዱ የካቲት ዓይኔ ማሳከክ ጀመረ፣ አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ወረደ። እናቴን በስልክ ሳገኛት ድምፄን ሰምታ «ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ እንኳ የለም እዚያ አገር?» አለች። የለም አልኳት። «እንግዲያው ፌጦ አሽትት።» እማዬ ዛፍ ነው ብላት አልተዋጠላትም፤ ዛፍ ሰው አያምም። የሰፈሬ ሐኪም ደም ወስዶ መረመረና ውጤቱን በሰንጠረዥ ሰጠኝ፦ ሱጊ ከፍተኛ፣ ሂኖኪ መካከለኛ፣ የአቧራ ነፍሳት ዝቅተኛ፣ በርች ባዶ። ወረቀቱን ያየው የኦኪናዋው ባልደረባዬ «አሁን የቶኪዮ ሰው ሆንክ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ካለው ማኅተም ይልቅ ይህ ወረቀት እውነቱን ይናገራል።

መድኃኒቱ አለ። የሚያስተኛውም የማያስተኛውም ኪኒን፣ የአፍንጫ ርጭት፣ የዓይን ጠብታ ሞልቷል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የሱጊውን ብናኝ ቅመም በየቀኑ ከምላስ ሥር በማድረግ ሰውነትን ቀስ በቀስ የማለማመድ ሕክምና አለ፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጣም ለጸናባቸው ሰዎች አይጂኢን ራሱን የሚይዝ መርፌ በ2019 መጨረሻ ተፈቅዷል። እኔ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ነው የምወስደው፤ ተሽሎኛል፣ አልተወኝም።

ፖለቲከኞቹም አልተኙም። በ2017 ምርጫ አንድ አዲስ ፓርቲ ካፉንሾን አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ፓርቲው ራሱ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በ2023 የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የኪሺዳ መንግሥት የተሻለ ዕቅድ አወጣ፦ የተተከለውን የሱጊ ደን በአሥር ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ መቀነስ፣ ብናኙን ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በግማሽ ማውረድ። በተቆረጠው ቦታ የሚተከለው በአብዛኛው ብናኝ የማያበዛ ሱጊ እንዲሆን ታስቧል። ጭራሹን ብናኝ የሌለው ሱጊ በ1992 ቶያማ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከእሱም ዝርያ ወጥቷል። ዕቅዱን አከብረዋለሁ፣ አንድ ነገር ግን አልወደድኩለትም። አንድ ዓይነት ዛፍ በተራራ ሁሉ መትከል ያመጣውን ጣጣ ያየ አገር አሁንም አንድ ዓይነት ዛፍ ለመትከል መቸኮሉ አልገባኝም። የሠላሳ ዓመቱም ስሌት የአዛውንቱን የልጅ ልጅ የአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያገኛታል።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚህ የምትመጡ ወገኖች በየጊዜው ስለምትጠይቁኝ ያለኝን ልናገር። በመጀመሪያው ጸደይ ካላስነጠሳችሁ አትኩራሩ። ማስነጠስ ስትጀምሩ ኪኒኑን ብናኙ ከመብዛቱ በፊት፣ ጥር መጨረሻ ላይ መጀመር ይሻላል። ሆካይዶ የምትሄዱ የአኩሪ አተር ወተቱን ጥቂት ቀምሳችሁ ቆዩ። የተከፈተ ዱቄት ደግሞ በጋ ላይ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፤ የአቧራው ነፍሳት ቅመም ባለበት የፓንኬክና የኦኮኖሚያኪ (ጎመን የሚገባበት የጃፓን ቂጣ) ዱቄት ውስጥ ይራባሉ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ከዚያ ጋግሮ ሲበላ ትንፋሹ እስኪዘጋ ድረስ ታሞ ያውቃል፤ መጋገሩ አያድንም። ከአገር ቤት የሚላክልኝ ሽሮ ለዚህ ሲባል ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዓሣው በላይ ያለውን መደርደሪያ ይዟል። የቤት ተጋሪዬ የሽሮው ሽታ ቢከፋውም ኪራዩን እኩል ስለምንከፍል ምንም ሊል አይችልም።